ያልቀላ ዓይን፣ ያበጠ ጉልበት

ዓለም ባንክ የምትኖር እናት የሦስት ዓመት ልጇ ጉልበት ቢያብጥባት ወይ ወጌሻ ጋ ወይ ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች። ዓይን ሐኪም ጋ ልሂድ አትልም፤ ለምን ትበል? እኛስ ተማሪ ሳለን ስንቶቻችን እንል ነበር?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1897 የሕፃናትን የመገጣጠሚያ ብግነት ከአዋቂዎች ለይቶ ሲጽፍ፣ ያተኮረው በመገጣጠሚያ፣ በንፍፊትና በጣፊያ ላይ ነበር። ዓይንን ከበሽታው ጋር ያያያዘው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦም ነው፤ በ1910። በዓመቱ ስዊድናዊው ጉልስትራንድ ስሊት ላምፕን አስተዋወቀ። ይሄ መሣሪያ ባይኖር የቀረው ታሪክ ባልኖረ ነበር፤ ምክንያቱም የእነዚህ ልጆች ዓይን ውስጥ ውስጡን ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ላዩ አይቀላም፣ አያምም። ልጅቷ ትጫወታለች። ቤተሰቡ ነገሩን ሲያውቅ የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ ቀድሞ ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው «ማን ታመመ?» ከማለት «ማን ሊታመም ይችላል?» ወደ ማለት ዞረ። በ1970ዎቹ ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸው ልጆች ይበልጥ እንደሚጠቁ ታወቀ። የሚገርመው፣ በትኩሳት የሚነደውና ሽፍታ የሚወጣበት ልጅ ለዓይኑ ብዙም አያሰጋም። የምታሰጋው ያቺ አንድ ጉልበቷ ብቻ ያበጠ፣ ደህና የምትመስል ሕፃን ናት። የ2019 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያም፣ ሕመሙ ከ7 ዓመት ዕድሜ በፊት ከጀመራት፣ ጥቂት መገጣጠሚያ ከያዘባት፣ ኤኤንኤዋ ፖዘቲቭ ከሆነና ከጀመራት 4 ዓመት ካላለፈ፣ በየ3 ወሩ ዓይኗ ይታይ ይላል። ስጋቱ ዝቅ ላለባቸው ከ6 እስከ 12 ወር ይበቃል።

ይህን እንደ ትንቢት መውሰድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስህተት ነው፤ የቀጠሮ ደብተር ነው። ኤኤንኤው ኔጋቲቭ የሆነ ልጅም ይታመማል። ደግሞ ስሌቱ የተሠራው በአመዛኙ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ላይ ነው።

እኛ ጋ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ግን እብጠቱ ከስድስት ሳምንት ሲያልፍ ሌላውንም ማሰብ ይገባል። ያኔ እናትየዋ ከዓለም ባንክ (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከባንኩ ነው እንጂ የነዋሪውን ኪስ አያሳይም) በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች፣ በሜክሲኮ አድርጋ፣ ብዙዎቻችን የዓይን ሕክምናን ወደተማርንበት ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ትሄዳለች። ታክሲ እየቀያየረች፣ በየሦስት ወሩ፣ ለዓመታት። በሁለተኛው ቀጠሮ ብትቀር፣ ለምን ቀረሽ ስትባል የምትሰጠው መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ዓይኗ እኮ ደህና ነው፤ አልቀላም!»