ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ ለምን ያንሳል?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ አይሻ ላይ አንዲት እናት አጥንቷን አሟት ስትመረመር «የፀሐይ ቫይታሚን አንሶሻል» ብትባል ማን ያምናል? ብዙው ሰው ቶሎ ብሎ «ሒጃቡ ነው» ይላል። ታሪኩን ያየ ግን እንዲህ አይቸኩልም።

የልጆችን እግር የሚያጎብጠው ሪኬትስ በእንግሊዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ ይገኛል፤ ከተሞቹ በፋብሪካ ጭስ ሲታፈኑ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም የታመሙ ልጆችን በመብራት ጨረር አከመ። ቫይታሚን ዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1922 ነው።

የውፍረቱ ነገር የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ2000 የቦስተን ተመራማሪዎች 19 ወፍራምና 19 ቀጭን ሰዎችን ለአንድ ዓይነት ጨረር አጋለጡ። የሁሉም ቆዳ ቫይታሚኑን የመሥራት አቅሙ ተመሳሳይ ነበር። በወፍራሞቹ ደም ውስጥ የታየው ጭማሪ ግን በ57 በመቶ አነሰ። ቫይታሚኑ በስብ ስለሚሟሟ እዚያው ስቡ ውስጥ ይቀራል። በ2013 ደግሞ ወደ 42,000 ሰዎች የዘር መረጃ ተመርምሮ ውፍረት ቫይታሚኑን እንደሚያሳንስ ታየ፤ ማነሱ ያወፍራል የሚለው ግን ማስረጃ አላገኘም። ለመቅጠን ብላ እንክብሉን የምትገዛ እህት ገንዘቧን ባታባክን ይሻላል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2015 በታተመ የአዳማና አካባቢዋ ተማሪዎች ጥናት እጥረቱ በከተማ ከ10 ልጆች በ6ቱ ገደማ፣ በገጠር ግን በ2ቱ ገደማ ተገኘ። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ ውሎው ግን ይለያል።

የአርብቶ አደር እናት አቃሏን ራሷ አፍርሳ ግመል ላይ ትጭናለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ፍየል ትጠብቃለች። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አይሻን አልፎ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ የከተማ ኑሮም መስመሩን ተከትሎ መጣ። ሥራው ከጣሪያ በታች ገባ፤ ስኳር የበዛበት ሻሂ፣ ሩዝና ፓስታ ማዕዱን ያዙት።

ልብስ ጨረር ማገዱ እውነት ነው። ሸሪዓችን ግን ሴት ልጅ በታጠረ ግቢዋ፣ ከእህቶቿና ከመሕረሞቿ ጋር ሆና ክንዷንና ፀጉሯን እንድትሸፍን አያስገድድም። የከፋው ግቢው ራሱ መጥበቡ፣ የጎረቤት ፎቅም ቁልቁል ማየቱ ነው (ቤት የምትሠሩ ወንድሞች ይህን አስቡበት)። ሕፃን ይዞት የሚወለደው ስንቅ ከእናቱ ያገኘውን ነው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲም ጥቂት ነው። ምርመራው ማነሱን ካሳየ መጠኑን ሐኪም ይወስን፤ ለወፍራሟ የሚታዘዘው ለቀጭኗ ከሚታዘዘው ሊበልጥ ይችላል።

ወላሁ አዕለም።