አክቲን ያዥ ፕሮቲኖች
አክቲን ያዥ ፕሮቲኖች በሕዋስ ውስጥ አክቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር እየተያያዙ የሕዋሱን አጽም (ሳይቶስኬለተን) የሚገነቡ፣ የሚያስሩና የሚያፈርሱ ፕሮቲኖች ናቸው።

አክቲንን በ1942 እ.ኤ.አ. ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው ሃንጋሪያዊው ብሩኖ ሽትራውብ ነው። አንዱ የአክቲን ቅንጣት 375 አሚኖ አሲዶች አሉት። ቅንጣቶቹ ሲቀጣጠሉ 7 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር ጠመዝማዛ ክር ይሆናሉ። የክሩ አንደኛው ጫፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሌላው ይዘገያል።

ክሩ ብቻውን አይጸናም። የፒያሳን አሮጌ የጭቃ ቤት ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ቋሚው የሚጠብቀው በማገር ሲታሰር ነው። በሕዋስም የማገሩ ቅርጽ የግድግዳውን ዓይነት ይወስናል። አልፋ አክቲኒን ሁለት ሁለት እየሆነ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጣመራል። ጥንዱ 35 ናኖሜትር ያህል ስለሚረዝምና በሁለቱም ጫፎቹ ክር ስለሚይዝ፣ በክሮቹ መካከል ማዮሲን የሚገባበት ክፍተት ይቀራል። ፋሲን ግን ትንሽ ነው፤ ክሮቹን አጥብቆ ስለሚያስር ማዮሲን መግቢያ ያጣል። ፊላሚን እንደ ባላ የተከፈለ በመሆኑ ክሮቹን አቋርጦ እያያዘ መረብ ይሠራል። የሚገርመው አልፋ አክቲኒን፣ ፊላሚንና ዲስትሮፊን አክቲንን የሚጨብጡበት «እጅ» ተመሳሳይ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከመካከለኛው አካላቸው ነው። ዲስትሮፊን የጡንቻን ክር ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያያይዛል፤ ሲጎድል ዱሼን የተባለው የጡንቻ መመንመን ሕመም ይከተላል። ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስላለ ሕመሙ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ይይዛል።

አፍራሾቹም አሉ። ኮፊሊን ያረጀውን፣ ማለትም ኤቲፒው ወደ ኤዲፒ የተለወጠበትን ክር ይዞ በመጠምዘዝ ይሰብረዋል። 3ኛው አሚኖ አሲዱ (ሴሪን) ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ግን ክሩን መያዝ ያቅተዋል፤ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ማለት ነው። ጄልሶሊን ደግሞ ካልሲየም ሲያገኝ ታጥፈው የነበሩት ስድስት ክፍሎቹ ይዘረጋሉ፤ ክሩን ቆርጦም ጫፉን ይከድናል።

አርፕ 2/3 ሰባት ፕሮቲኖች ያሉት ስብስብ ሲሆን፣ ከነባር ክር ጎን በ70 ዲግሪ ገደማ አዲስ ቅርንጫፍ ያስጀምራል። በራሱ አይነሣም፤ ዋስፕን የመሰለ ቀስቃሽ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የሚጠቀመው በዚሁ ነው፦ በአንድ ጫፉ ባለው ፕሮቲን የሕዋሱን ቀስቃሽ ይስባል፣ ከኋላው የአክቲን ጭራ ያበቅላል፣ ጭራው እየገፋውም ወደ ጎረቤት ሕዋስ ይገባል። ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያልፈው ወደ ውጭ ሳይወጣ ስለሆነ በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት አያገኙትም።