ቪየና የዳነችበት ዓመት፤ የንጉሥ ዮሐንስ ሶቢየስኪ ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የፖላንድ ንጉሥ ዮሐንስ ሣልሳዊ፣ በቤተ ዘመዱ ስም ሶቢየስኪ የተባለው፣ ከነገሠ 9ኛው ዓመት ተፈጽሞ 10ኛው በገባበት ዘመን የሆነውን እንጽፋለን። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1683 ነው። በእኛ ደግሞ 1675 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ታላቁ ድል የተገኘው ግን ዘመነ ዮሐንስ በገባ በ4ኛው ቀን ነው። ስሙ ዮሐንስ ለሆነ ንጉሥ ዘመነ ዮሐንስ እንዲህ ባለ በረከት ጀመረለት፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህ ንጉሥ ከጦረኛ ዘር የተወለደ ነው። ቅድመ አያቱ ዦልኪየቭስኪ በ1620 ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ በጼጾራ ዘመቻ ወደቀ። ወንድሙ ማሬክ በ1652 በባቶህ ሞተ። እርሱ ራሱ በወጣትነቱ ከመልእክተኞች ጋር ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ የጠላቱን አገር በዓይኑ አይቷል። በ1672 ካሚየኔጽ የተባለችው ጽኑ ምሽግ በቱርክ እጅ ስትወድቅ፣ በዙፋኑ ላይ የነበረው ንጉሥ ለሱልጣኑ ግብር ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። ሶቢየስኪ በዓመቱ በኾቲን የቱርክን ሠራዊት ድል አደረገ፤ መኳንንቱም በ1674 እርሱን መርጠው አነገሡት። ዘውዱን በሰይፉ አገኘው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1683 መጀመሪያ ሰይም የተባለው የአገሩ ሸንጎ በዋርሶ ተሰብስቦ እስከ ኤፕሪል ቆየ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፖላንድ ከኦስትሪያው ቄሣር ጋር እንዳትተባበር ይፈልግ ነበር፤ ወርቁም በብዙ እጅ ይገባ ነበር። ንጉሥ ዮሐንስም አስቀድሞ የፈረንሳይ ወዳጅ የነበረበት ጊዜ አለ፤ ጊዜው ግን አለፈ። የፈረንሳይ መልእክተኞች ደብዳቤ ተይዞ በሸንጎው ፊት በተነበበ ጊዜ የግምጃ ቤቱ ሹም ሞርሽቲን ነገር ተገለጠ፤ ሰውየውም በኋላ አገሩን ትቶ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከዚህ በኋላ የሚቃወም ቃል ደከመ። ማርች 31 ቀን የሚል ቀን በተጻፈበት ቃል ኪዳን ቄሣር ሊዮፖልድ 60,000፣ ንጉሥ ዮሐንስ 40,000 ሠራዊት ሊያሰልፉ ተማማሉ። ቪየና ወይም ክራኮቭ ብትከበብ አንዱ ለሌላው ሊደርስለት ተስማሙ። ሮማ ያለው አባት ኢኖሰንት 11ኛም ገንዘብና በረከት ላከ።

ሜይና ጁን በጦር ምልመላ አለፉ።

ጁላይ 7 ቀን ቄሣር ሊዮፖልድ የቱርክ ጦር መቅረቡን ሰምቶ ከቤተሰቡ ጋር ከቪየና ወጣ፤ በኋላም በፓሳው ተቀመጠ። በ14ኛው ቀን የሱልጣኑ ታላቅ ቪዚር ካራ ሙስጠፋ ከ100,000 በሚበልጥ ሠራዊት ከተማይቱን ከበበ። ጁላይ 18 ቀን ንጉሥ ዮሐንስ ከቪላኑቭ ቤተ መንግሥቱ ተነሣ።

በመንገዱ በቼንስቶሆቫ ገዳም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ጸለየ። ከዚያ ወደ ክራኮቭ ወርዶ ሠራዊቱን ጠበቀ፤ በምዕራባውያን ሥርዓት የእመቤታችን ዕርገት በሚከበርበት በኦገስት 15 ቀን ከከተማይቱ ወጣ። የሊቱዌንያ ሠራዊት ግን ለዚህ ዘመቻ አልደረሰም።

በቪየና የቀሩት ሰዎች በዚያ ክረምት ብዙ መከራ አዩ። የከተማይቱ ጠባቂ ሽታረምበርግ ቆስሎም፣ በተቅማጥ በሽታ ተይዞም ከግንቡ አልተለየም። ቱርኮች ከምድር በታች እየቆፈሩ ባሩድ ያፈነዱ ነበር፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የግንቡ ማዕዘን ተንዶ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ሆነ። ሰዎቹ በጆንያና በእንጨት እየደፈኑ ተዋጉ። ማታ ማታም ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ሮኬት እየተኮሱ ጭንቃቸውን ከሩቅ ላለ ወገን ያመለክቱ ነበር።

ንጉሥ ዮሐንስ የዳኑብን ወንዝ በቱልን ተሻገረ። የሎሬንው መስፍን ሻርል የቄሣርን ጦር፣ የባቫሪያና የሳክሶኒ መሳፍንትም የየራሳቸውን ይዘው ተጨመሩ፤ ሁሉም በአንድ ላይ 70,000 ገደማ ሆኑ፤ የፖላንዱ ሠራዊት ብቻውን ከ20,000 በላይ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዘውድ የጫነው ንጉሥ ዮሐንስ ብቻ ስለ ነበረ የበላይ አዛዥነቱ ለእርሱ ሆነ። ካራ ሙስጠፋ ከከተማይቱ በላይ ያለውን ተራራ አላስጠበቀም፤ እግዚአብሔር ልቡን ጋርዶበት ነው እንጂ እንደዚያ ያለ ተራራ ሳይጠበቅ አይተውም። ሠራዊቱም በዱሩ ገደል ውስጥ መድፉን በገመድ እየጎተተ ወጣ። ፈረሰኞቹም ሌሊቱን ፈረሶቻቸውን በልጓም ይዘው አደሩ።

ሴፕቴምበር 12፣ ዕለተ እሑድ፣ መስከረም 4 ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ማርኮ ዳቪያኖ የተባለው የካፑቺን መነኩሴ ጠላት ባፈረሰው የተራራው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቀደሰ፤ ንጉሡም እንደ ዲያቆን ቆሞ አገለገለው። 16 ዓመት ያልሞላው ልጁ ያዕቆብ ከአጠገቡ ነበር።

ውጊያው በማለዳ በግራ በኩል ከወንዙ ዳር ተጀመረ፤ በዚያ የሎሬንው መስፍን ከመንደር ወደ መንደር እየተዋጋ እስከ ቀትር ኑስዶርፍን ያዘ። የፖላንዱ ሠራዊት በቀኝ በኩል መንገዱ የከፋ ነበርና ከዱሩ የወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ በወጣ ጊዜ በሌላው ጦር ዘንድ ታላቅ የደስታ ጩኸት ሆነ። አበጋዞቹ ያብሎኖቭስኪና ሲየኒያቭስኪ ክንፉን አሰለፉ፤ ኮንትስኪ መድፉን አቆመ። ንጉሡ በመጀመሪያ ጥቂት ፈረሰኞች ልኮ መሬቱን አስፈተነ፤ ሜዳው በወይን አጥርና በቦይ የተቆራረጠ ነበርና ለፈረስ ያስፈራ ነበር። የተላኩት ገብተው ብዙዎቹ ወደቁ፤ መንገዱ ግን እንደሚያሳልፍ ታወቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንጉሥ ዮሐንስ ራሱ በፊት ሆኖ ከ18,000 የማያንስ ፈረሰኛ ከኮረብታው ላይ ለቀቀ። ከፊት የሁሳሮቹ ረጃጅም ጦር ነበረ፤ ከኋላ ጋሻ ጃግሬውና ቀላሉ ፈረሰኛ ተከተለ፤ የጀርመኖቹም ፈረሰኛ ከጎን አብሮ ወረደ። ካራ ሙስጠፋ ብርቱዎቹን ጃኒሳሪዎች በከተማይቱ ሥር በጉድጓድ ውስጥ ትቷቸው ነበርና በሜዳ ላይ የሚቆምለት አጣ። ከቱርኮች ጋር የተሰለፈው የታታሩ ካን ሳይዋጋ ዞረ። ሳይመሽ የቱርክ ሠራዊት ተፈታ፤ ቪዚሩም ድንኳኑን ጥሎ በፈረስ አመለጠ። ሁለት ወር የከበባትን ከተማ በአንድ ከሰዓት አጣት።

ያን ሌሊት ንጉሡ በቪዚሩ ድንኳን ገብቶ ለሚስቱ ለንግሥት ማሪያ ካዚሚራ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ድንኳኑ እንደ ከተማ የሰፋ፣ በውስጡ መታጠቢያ ቤት፣ የአትክልት ቦታና ፏፏቴ የነበረበት መሆኑን ነገራት። ቪዚሩ ከቄሣር ግቢ የወሰዳትን ሰጎን በክርስቲያን እጅ እንዳትገባ አንገቷን አስቆርጦ ነበር፤ ይህንንም ጻፈላት። የቪዚሩን እርካብ ለንግሥቲቱ፣ ታላቁን ሰንደቅ ለሮማው አባት ላከ፤ ድሉም የእግዚአብሔር እንደ ሆነ በላከው ቃል መሰከረ። ከምርኮው ብዛት የተነሣ ወታደሩ እስከ ንጋት ሰልፉን አልጠበቀም። ኮሎኒች የተባለው ጳጳስ በሰፈሩ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት ሰብስቦ ወሰደ፤ እርሱን እግዚአብሔር ያስበው።

በማግስቱ ንጉሡ ወደ ቪየና ገባ። ሕዝቡ እጁንና እግሩን ልብሱንም እየሳመ አለቀሰ። ሹማምንቱ ግን ሕዝቡ ጮክ ብሎ እንዳያመሰግነው ይጠብቁ ነበር፤ ቄሣሩ ገና አልመጣምና።

ቄሣር በ14ኛው ቀን መጣ። በማግስቱም ሁለቱ በሽቬኻት ሜዳ በፈረስ ላይ ሆነው ተገናኝተው በላቲን ቋንቋ ተነጋገሩ። ንጉሡ ልጁን ያዕቆብን ባቀረበለት ጊዜ ቄሣር ባርኔጣውን አላነሣም። ንጉሥ ዮሐንስም ሠራዊቱን የማሳየቱን ነገር ለአበጋዙ ትቶ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን በጻፈው ደብዳቤ ለፈረሶቹ ገፈራ እንደ ተነፈገ፣ በሽተኞቹ በመንገድ ዳር እንደ ተጣሉ፣ ሙታኑም በመቃብር ቦታ እንዳይቀበሩ እንደ ተከለከሉ አለቀሰ። ከተማን ላዳነ ሠራዊት ይህ አይገባም ነበር።

ሌላ ንጉሥ ቢሆን ወደ አገሩ በተመለሰ። እርሱ ግን ጠላቱን ተከትሎ ወደ ሀንጋሪ ወረደ። ኦክቶበር 7 ቀን በፓርካኒ ፈተና ደረሰ፤ ንጉሡን እግዚአብሔር በሕይወት አወጣው። በ9ኛው ቀን ግን ንጉሥ ዮሐንስና የሎሬንው መስፍን በአንድነት ተሰልፈው በዚያው ሜዳ ጠላትን እስከ ወንዙ አሳደዱት፤ በዳኑብ ላይ የተዘረጋው ድልድይ በሸሺዎች ብዛትና በመድፉ ተሰበረ፤ ብዙ ሺህ ሰውም በውኃው አለቀ። በወሩ መጨረሻ የኤስተርጎም ምሽግ እጁን ሰጠ፤ ይህች የሀንጋሪው ቅዱስ እስጢፋኖስ የተወለደባት ከተማ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗም ዳግመኛ ቅዳሴ ተቀደሰ።

የብርዱ ወራት በጽኑ ገባ፤ ሠራዊቱም በብርድና በበሽታ ተጎዳ። አበጋዙ ሲየኒያቭስኪ ወደ አገሩ ሲመለስ በዲሴምበር በመንገድ ሞተ። ንጉሡ ከልደት በዓል በፊት ክራኮቭ ገባ። በዲሴምበር 25 ቀን ካራ ሙስጠፋ በሱልጣኑ ትእዛዝ በቤልግሬድ በገመድ ታንቆ ተገደለ። ካሚየኔጽ በዚያ ዓመት አልተመለሰችም፤ በተከታዩ ዓመት በማርች ወር ቬኒስ ከቄሣሩና ከፖላንድ ጋር ቃል ኪዳን ስታስር ንጉሥ ዮሐንስ ለካሚየኔጽ ሲል ዳግመኛ ሠራዊቱን ያዘጋጅ ነበር።