ከአዱሊስ እስከ መቀሌ፦ የከተሞች ትስስርና ጤና

የጥንት ከተማ ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ የሚታሰቡት ሐውልቱና ቤተ መንግሥቱ ናቸው። ለጤና ባለሙያ ግን ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው መንገድ ከዚያ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል፤ በሽታውም መድኃኒቱም የሚመጡት በዚያው መንገድ ነውና።

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ፔሪፕለስ» የተሰኘ የባሕር ንግድ መምሪያ፣ ከአዱሊስ ወደብ እስከ ቆሎኤ 3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም 5 ቀን እንደሚያስኬድ ያስረዳል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሳሱ እንደሚሄዱና ደርሶ መልሱ 6 ወር እንደሚፈጅ ጽፏል። ይህ ዝግታ ለጤና ጥቅም ነበረው፤ አጣዳፊ ተላላፊ በሽታ የያዘው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ካሰበበት ሳይደርስ ይድናል ወይም ይሞታል።

ጉዞው በፈጠነ ቁጥር ይህ ጥቅም እየቀረ መጣ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምፅዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ የክፉ ቀንን ረሃብ አስከተለ፤ በ1888 ዓ.ም. ደቡባዊ አፍሪካ ደረሰ። በዘመነ አውሮፕላን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ ከ2 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተገለጸ።

ዋናው ልዩነት የሚታየው ግን መንገዱ ሲዘጋ ነው። የባሕሩ ንግድ ቢቋረጥ አክሱም በይበልጥ የምታጣው የወይን ጠጅን የመሰለ የቅንጦት ዕቃ ነበር፤ እህሏ በዙሪያዋ ይመረታል። መቀሌም ጨዋን ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ በበራህሌ በኩል በግመል ስታስመጣ ኖራለች፤ ጨው ደግሞ ማቀዝቀዣ አይሻም። ኢንሱሊን ግን ከውጭ አገር ተነሥቶ ረጅም መንገድ ያቋርጣል፤ ክምችቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክና መብራት ሲቋረጡ፣ በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል የኢንሱሊንና የኩላሊት እጥበት ግብዓት እጥረት ተከሠተ። የጥንቱ ከተማ መንገዱ ሲዘጋ ሀብቱ ይቀንሳል፤ የዛሬው ከተማ ግን ሕሙማኑን ያጣል።

ስለዚህ ወረርሽኝን በየኬላው መቆጣጠር ከሥራችን ግማሹ ብቻ ነው። ለሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚሆን የመጠባበቂያ ክምችት በየክልሉ መያዝ፣ አማራጭ የአቅርቦት መስመርና የኃይል ምንጭ ማዘጋጀት፣ በግጭትም ጊዜ የመድኃኒት መንገድ እንዳይዘጋ በሙያ ማኅበራችን በኩል አጥብቆ መጠየቅ ቀሪው ግማሽ ነው።