ማን ፈረመልህ?

ባለፈው ገና የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ አሰላ መጣ። ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እንደተለመደው የአውሮፕላን ዋጋ ላይ አረፈ። ከአክስቶቹ አንዷ «ለመሆኑ ትኬቱን ስንት ገዛኸው?» አለችው። «አልገዛሁትም፤ በማይል ነው የመጣሁት» አላት። አሰላ ላይ ማይል ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ሲመለስም ያንኑ ሲደግም፣ አንድም ነጥብ የመዘገበለት አልነበረም።

ልጁ አስረዳን። አስቤዛውን፣ ቤንዚኑን፣ የስልኩን ሒሳብ ሁሉ የሚከፍለው በክሬዲት ካርድ ነው። (እኛ አገር ካርድ ሲባል በአብዛኛው የራስን ገንዘብ ከራስ ሒሳብ ማውጫ ነው፤ የሱ ግን ዱቤ ነው።) ባወጣው ዶላር ልክ ባንኩ ነጥብ ይይዝለታል። አዲስ ካርድ ሲያወጣ ደግሞ፣ በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ካወጣህ ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነጥብ በአንዴ ይሰጠዋል። ብልሃቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ነጥቡን በጥሬ ገንዘብ ቢለውጠው አንዷ ነጥብ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብታወጣ ነው፤ በዕቃ ቢለውጠው ብዙ ጊዜ ከዚያም ታንሳለች። እሱ ግን ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ የማይል ሒሳብ ያዛውረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስን ከተቀላቀለ ወዲህ፣ በእነዚያ ማይሎች የኛን አውሮፕላን ወንበር መያዝ ይቻላል። ለበዓል ወንበር በቀላሉ ስለማይገኝ ከወራት በፊት ያደባል። ከኪሱ የሚያወጣው ታክስና ጥቃቅን ክፍያ ብቻ ነው።

«ዋናው ግን» አለ፣ «ዕዳውን በየወሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መክፈል ነው።» እውነቱን ነው። ነጥቡ ቢበዛ ከመቶ ሁለት፣ ሦስት ቢሆን ነው፤ የካርድ ወለድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማካይ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ሆኗል። ዕዳ ያሳደረ ሰው ነጥብ ለቀመ ማለት በቀዳዳ እንስራ ውኃ ቀዳ ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኞቹን በማይል መሸለም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በ1987 ከሲቲባንክ ጋር ሆኖ ማይሉን ከካርድ ጋር አጋባው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይበር ማይል ያጠራቅም ጀመር። ታዲያ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? ባለሱቁ ካርድ በተቀበለ ቁጥር ከመቶ ሁለት፣ ሦስት ይቆረጥበታል፤ እሱም ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ጭማሪውን በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውም ይከፍላል፣ ነጥብ ግን የለውም። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ኢኮኖሚስቶች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገበያይ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚገብር፣ በካርድ የሚገበያየው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ አስልተዋል። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው ያገሬ ሰው ጤፉን በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ለማን ትኬት እንደሚያዋጣ ማን ነግሮት!

ይህን ሁሉ አባቴ ጥግ ላይ ሆነው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልክ እንደ ካዱ ነዋ!» አሉ።

ካዱ፣ ማለት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመ ነው። ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር በዱቤ ይሰጣል፤ ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ይከፍላል። ሥራው ሥራ ነበር። ስለ አርሲ ስንዴ እየተናገሩ ካዱን አለማንሣት ንፉግነት ነው፤ ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው።

ችግሩ መሬቱ የሌላ ሰው መሆኑ ነበር። ጭሰኛ ዱቤውን ለማግኘት ባለመሬቱ የፈረመበት የኪራይ ውል ማቅረብ አለበት። ባለመሬቱ ምን አስጨንቆት ይፈርማል? በቃል ያለ ጭሰኛ ነገ ውጣ ሲሉት ይወጣል፤ ውል የያዘ ግን ይከራከራል። ማዳበሪያው ምርቱን ሲያሳድገው ደግሞ ሲሶ ይቀበል የነበረው እኩል ማለት ጀመረ፤ ዕዳው የጭሰኛው፣ ትርፉ የሁለቱም። በዚያ ላይ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር። ስንዴ እንደሚያዋጣ ካዱ አሳይቷልና፣ አቅም ያለው ሁሉ ጭሰኛውን እያስነሣ በትራክተር ማረስ ያዘ። ካዱ ራሱ ነገሩን አይቶ ሰፋፊ መሬት ያላቸውን ከዱቤው አገለለ። ግን ለትራክተሩ የካዱ ዱቤ አያስፈልጋቸውም ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ ኢተያ አጠገብ እኩል አራሽ ነበሩ። ውሉን አጽፈው፣ አንድ ሙክት ይዘው ባለመሬቱ ደጅ ሄዱ። ሙክቱ ገባ፤ ፊርማው አልወጣም። በሁለተኛው ዓመት ትራክተሩ መጣ፤ እሳቸውም እናቴንና ታላቅ ወንድሜን ይዘው አሰላ ገቡ፣ እህል በረንዳ ኩንታል ተሸካሚ ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ወደ ኢተያ ተመልሰው ድርሻቸውን አገኙ። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በልቦለድ ውስጥ ስፈልገው ኖሬያለሁ፤ ያንለት የሰማሁት ግን ከትኬት ወሬ ተያይዞ ነው።

«አንተ ታዲያ ማን ፈረመልህ?» አሉት የልጅ ልጃቸውን።

«ማንም አልፈረመልኝም፣ አባባ። ቁጥር አለኝ። ዕዳዬን በጊዜው እየከፈልኩ መሆኔን አይተው ቁጥር ይሰጡኛል፤ ባንኩ እሱን አይቶ ነው የሚያምነኝ።»

«እነማን ናቸው ቁጥር ሰጪዎቹ?»

«ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፣ የሁሉንም ሰው ዕዳ የሚመዘግቡ።»

«ባለመሬቶች ናቸዋ» አሉ፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እናትህስ ቁጥር የላትም እንዴ? ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው ካየኋት።»

ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። እናቱ ከሦስት ዓመት በፊት ታማ የሆስፒታሉን ሒሳብ የከፈለችው በካርድ ነበር። ዕዳው አድሮ፣ ወለዱ ወለድ ወልዶ፣ ቁጥሯም ወርዷል፤ ሌላ ካርድ ብትጠይቅ ከለከሏት። በየወሩ የምትከፍለው ወለዱን እንኳ በቅጡ አይሸፍነውም።

«የማን ካርድ ነው?» አልኩት።

«የኔው ባንክ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ አባቴ እንዳይሰሙ መሆኑ ነው። ከዚያ ስልኩን አወጣና የቀረውን ነጥብ አሳየኝ። ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ጥቂት ሺህ ብቻ ይጎድለዋል። ለፋሲካ ወንበር እየፈለገላት ነው።