ሦስት ፊደል በአንድ ወሰን፦ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ትምህርት ታሪክ ከቁረይሻ እስከ መተማ

ቁረይሻ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ የእርሻ ምድር ነው። የሰሊጥና የማሽላ ሥራ፣ ንግድና ስደት በየዘመኑ ቤተሰቦችን በወሰኑ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። አብሮ የሚሻገረውን ልጅ ሦስት ፊደል ይጠብቀዋል፦ ግእዝ፣ ዐረብኛና ላቲን። በሁለቱም አገሮች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ደረጃ በደረጃ ይሰጣል፤ የደረጃው መነሻ ግን አንድ አልነበረም።

በሰሜን ሱዳን፣ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1899–1956)፣ የአራት ዓመቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በዐረብኛ ይሰጥ ነበር፤ እንግሊዝኛ በመካከለኛው ደረጃ ተጀምሮ በሁለተኛው ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። በ1965 ሁለተኛው ደረጃም ወደ ዐረብኛ ዞረ። በ1970ዎቹ የመጀመሪያው ደረጃ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ወደ ሰባተኛው የትምህርት ዓመት ተገፋ። በ1990ዎቹ በስምንት ዓመቱ የመሠረት ትምህርት «ስፓይን» የተባለው ተከታታይ መጽሐፍ ከአምስተኛ ክፍል ጀመረ። በኢትዮጵያ በአንጻሩ በደርግ ዘመን እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል ይሰጥ ነበር፤ የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ወደ አንደኛ ክፍል አወረደው።

ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ የልጅ ዕድል አለ። በ1980ዎቹ አራተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ገዳሪፍ የተሰደደ ተማሪ፣ የቀሰመው እንግሊዝኛ በሱዳን ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ሥራ ፈት ይሆን ነበር። ከ1994 በኋላ በተቃራኒው ከገዳሪፍ ወደ መተማ ተሻግሮ አምስተኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ፊደል ሲቆጥር ጓደኞቹ አራት ዓመት ቀድመውታል።

ሥርዓተ ነጥቡም ልዩነቱን ያከፋዋል። ግእዝም ሆነ ዐረብኛ ዓቢይና ንዑስ ፊደል አይለይም፤ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን በፊደል ቅርጽ ማሳየት ለሁለቱም ልጆች እንግዳ ነው። አማርኛ አንባቢው አራት ነጥብን ስለሚያውቅ የእንግሊዝኛው ነጥብ ተግባሩ አይጠፋውም፤ የንባቡም አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ለዐረብኛ አንባቢው አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የነጠላ ሰረዙና የጥያቄ ምልክቱም ቅርጽ አብሮ ይዞራል። በዐረብኛ እነዚህን ምልክቶች በደንብ ያሰናዳው የግብፃዊው አሕመድ ዘኪ መጽሐፍ የወጣው በ1912 ነው፤ በዐረፍተ ነገሮች መካከል «ወ» እያሉ መቀጠል ከዚያ የቆየ ልማድ ነው። በሰዋስው በኩልም አማርኛ ተናጋሪው ግሡን ወደ መጨረሻ ይስባል፤ ዐረብኛ ተናጋሪው «ነው» የሚለውን ቃል ይዘላል።

በኅዳር 2020 ስደተኞች ዳግም ወደ ኡም ራኩባ ገቡ፤ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሌሎችን በገላባት በኩል ወደ መተማ አሻገረ። የመንገዱ አቅጣጫ ሲገለበጥ ችግሩ ያው ነው፦ ልጁ የሚመደበው በክፍል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ተማሪው የትኛውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የትኛውን ምልክት ማንበብ እንደሚችል አይናገርም። ተሻጋሪውን ተማሪ በሚጽፈው አንድ አንቀጽ መመዘን፣ ስህተቱንም ከመጣበት ፊደል ጋር አያይዞ ማንበብ፣ ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ትምህርት ነው።