ፍሎረንስና ቬኒስ፤ የጽጌ ማርያም ከተማና የቅዱስ ማርቆስ ከተማ

ፍሎረንስ ውስጥ፣ ከአርኖ ወንዝ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሳን ሬሚጆ የሚባለው ጠባብ መንገድ ከሌላ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ መንገደኛው ቀና ብሎ ካላየ በቀር የማያስተውላቸው ሁለት የመታሰቢያ ድንጋዮች በአንድ ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተተክለው ይገኛሉ። በታችኛው ላይ የጥንት ጠራቢ አንዲት እጅ ጣቷን ዘርግታ የውኃ ሞገድ ስታመለክት ቀርጾበታል፤ ይህም በ1333 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) አርኖ ሞልቶ ከተማዪቱን ባጥለቀለቃት ጊዜ ውኃው እስከምን ድረስ እንደ ወጣ ለልጅ ልጅ ለመንገር ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ደግሞ የ1966 ዓ.ም.ን ጎርፍ ይመሰክራል። ሁለቱም ጎርፎች የደረሱት ኖቬምበር 4 ቀን ነበር፤ ስድስት መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተራርቀው በአንድ ዕለት። የላይኛውን ለማንበብ አንገቴን ወደ ኋላ ስጥል ባርኔጣዬ ከራሴ ላይ ወደቀ።

በዚያችው በ1966 ዓ.ም. ዕለት፣ የአርኖ ጭቃ ሳንታ ክሮቼ ከተባለው የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የቺማቡዌን ታላቅ ሥዕለ ስቅለት አብዛኛውን ቀለሙን ሲያጥበው፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የተከማቹትንም መጻሕፍት ከናፍጣና ከዝቃጭ ጋር ሲለውሳቸው፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለችው ቬኒስም ከተለመደው የባሕር ልክ 194 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ውኃ ተውጣ ውላ ነበር። ስለ ሁለቱ ከተሞች የሚጽፉ ሰዎች አንዲቱን የድንጋይ፣ ሁለተኛዪቱን የውኃ፤ አንዲቱን የአእምሮ፣ ሁለተኛዪቱን የዐይን ከተማ እያሉ በሚዛን ማስቀመጥ ይወዳሉ፤ እኔም ይህን ብሂል ይዤ ሄጄ ነበር። በየደረስሁበት ግን የፍሎረንስን ሰው በቬኒስ፣ የቬኒስን ሰው በፍሎረንስ እያገኘሁ፣ ሚዛኔ ከቀን ወደ ቀን እየተዛባብኝ ሄደ።

ከአንዲቱ ወደ ሌላዪቱ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ተሳፋሪው ሳንታ ሉቺያ ከተባለው የቬኒስ ጣቢያ ደጃፍ ሲወጣ ታክሲና አስፋልት የሚጠብቅ ዐይኑ ወዲያው ከታላቁ ቦይ ላይ ያርፋል፤ የታመመው ወደ ሐኪም ቤት፣ የሞተው ወደ መቃብር፣ ቆሻሻው ወደ መጣያው የሚሄደው ሁሉ በጀልባ ነው። ከተማዪቱ ከመቶ በሚበልጡ ደሴቶች ላይ፣ በጭቃው ውስጥ በተተከሉ ስፍር ቁጥር በሌላቸው የእንጨት ችካሎች ላይ የቆመች ናት፤ እንጨቱም አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ስለ ተቀበረ በቶሎ አይበሰብስም። ከ1630 ዓ.ም. መቅሠፍት በኋላ ለእመቤታችን ስእለት ተብሎ ለተሠራው ለሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሚሊዮን በላይ ችካል እንደ ተተከለ ይነገራል። በየመንገዱ ማዕዘን ወደ ቅዱስ ማርቆስ የሚመሩ ቢጫ ምልክቶች አሉ፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ግን አንዱ ቀስት ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ እያመለከተ ሁለቱም ወደዚያው ወደ ቅዱስ ማርቆስ እንደሚወስዱ የሚናገሩበትን ስፍራ አይቼ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ መጠየቅን ተውሁ።

የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንደ ሌላው ሀገር ጎብኚ በአድናቆት ብቻ የሚታይ ሕንፃ አይደለም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳቱን ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ሲቀበል ለኖረ ሕዝብ፣ የወንጌላዊው ዐፅም ከእስክንድርያ ወጥቶ በዚህ የነጋድያን ከተማ እንዴት ሊገኝ እንደ ቻለ መጠየቅ ይገባዋል። ታሪኩን ቬኒሳውያን ራሳቸው ሳያፍሩ በደጃፋቸው ላይ ሥለውታል፦ በ828 ዓ.ም. ቡዎኖና ሩስቲኮ የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች ዐፅሙን ከመቃብሩ ሰርቀው በቅርጫት ካኖሩት በኋላ፣ የእስልምና ተከታዮች የሆኑት የወደብ ጠባቂዎች እንዳይፈትሹት የዓሣማ ሥጋ ከላዩ ደረቡበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ካሉት የንቅስ ሥዕሎች በአንዱ ጠባቂዎቹ ቅርጫቱ ሲከፈት ፊታቸውን አዙረው ሲጸየፉ ይታያሉ፤ በሰሜኑ ጫፍ ባለው በር ላይ ደግሞ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ሳይለወጥ በቀረው የወርቅ ንቅስ፣ ዐፅሙ በክብር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ ይታያል። ስርቆትና ዑደት በአንድ ግንብ ላይ! ዐፅሙ ከገባ በኋላ ገጸ አንበሳ የሆነው የማርቆስ ምልክት በሰንደቃቸውም፣ በገንዘባቸውም፣ በወረሩት ደሴት ሁሉ ላይ ተቀረጸ። ከዚህ ዐፅም ከፊሉ በ1968 ዓ.ም. በሮማው ጳጳስ በጳውሎስ 6ኛ ፈቃድ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለቄርሎስ 6ኛ ተመልሶ፣ በካይሮ የተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግድነት ተገኝተው ነበር።

ቬኒስ ሌላውን ሁሉ እንዲህ ስታከብር የራሷን ሰዎች ግን አታከብርም፤ ይህ ከፍሎረንስ የምትለይበት ዋናው ነገር ይመስለኛል። ዶጅ ይባል የነበረው የሪፑብሊኩ አለቃ የወርቅ ልብስ ይልበስ እንጂ ከውጭ ሀገር የመጣለትን ደብዳቤ ብቻውን ሆኖ መክፈት አይፈቀድለትም ነበር። በቤተ መንግሥቱ ታላቅ አዳራሽ የዶጆቹ ሥዕል በተርታ ሲሰለፍ በአንዱ ስፍራ በፊት ፈንታ ጥቁር መጋረጃ ተሥሎ ይታያል፤ ይህም ብቻውን ሊገዛ አስቦ በ1355 ዓ.ም. አንገቱን የተቀላው የማሪኖ ፋሊዬሮ ስፍራ ነው። ኮሌዮኒ የተባለውም የጦር አለቃ ሲሞት፣ ሐውልቴን በቅዱስ ማርቆስ ፊት ካቆማችሁልኝ ብሎ ሀብቱን ለሪፑብሊኩ ቢናዘዝ፣ መኳንንቱ ገንዘቡን ተቀብለው ሐውልቱን ከዋናው አደባባይ ርቆ፣ የቅዱስ ማርቆስ ማኅበር ይባል ከነበረው ቤት ፊት አቆሙለት። ኑዛዜው ቃል በቃል ተፈጸመ፤ ተናዛዡም ተሞኘ። ያንን በፈረስ ላይ ጥርሱን ነክሶ የተቀመጠውን የነሐስ ሰው የቀረጸው ቬሮኪዮ የፍሎረንስ ልጅ ነው፤ ሥራው ሳይፈጸም በ1488 ዓ.ም. በቬኒስ ሞቶ ሐውልቱ በ1496 ዓ.ም. ቆመ።

ፍሎረንስ ግን ከስም ጋር የምትኖር ከተማ ናት። በሳንታ ክሮቼ ወለልና ግድግዳ ላይ የሚክኤላንጄሎ፣ የማኪያቬሊ፣ የጋሊሌዮ መቃብር ይገኛል፤ የዳንቴ ግን መቃብሩ ባዶ ነው፤ በ1302 ዓ.ም. ከሀገሩ አሳድደውት፣ በ1321 ዓ.ም. ወደ ቬኒስ መልእክተኛ ሆኖ ሄዶ ሲመለስ ታሞ በራቬና ስለ ሞተ፣ ራቬናም ዐፅሙን አልመልስም ስላለች፣ የተሰደደው ልጅ ስሙ ብቻ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከጋሊሌዮ አካል ተለይተው የቀሩ ጣቶቹ በስሙ በተጠራው ቤተ መዘክር በመስታወት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ቬኒስ የወንጌላዊ ዐፅም እንደ ያዘች ፍሎረንስ የከዋክብት ተመልካች ጣት መያዟ ፈገግ አሰኝቶኛል። ይህ ሰው በ1609 ዓ.ም. መነጽሩን ለቬኒስ መኳንንት ያሳየው ከቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ ላይ ሆኖ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት የፍሎረንስ ገዥዎች የነበሩትን ሜዲቺዎችን ለማገልገል ወደዚያ ሄደ። ቬኒስ ከሮማው ጳጳስ ጋር መጣላትን የማትፈራ ሀገር ነበረችና፣ እዚያው ቢቀመጥ ኖሮ በ1633 ዓ.ም. ለፍርድ ይቀርብ ነበር ብዬ አላምንም።

ሜዲቺዎችም ራሳቸው ለቬኒስ ባለ ዕዳ ናቸው። ባለ ባንኩ ኮሲሞ በ1433 ዓ.ም. ጠላቶቹ ከፍሎረንስ ሲያስወጡት የተቀበለችው ቬኒስ ናት፤ እርሱም ከእርሱ ጋር የተሰደደውን መሐንዲሱን ሚኬሎዞን በሳን ጆርጆ ገዳም ቤተ መጻሕፍት እንዲሠራ አድርጎ፣ በዓመቱ ተመልሶ የከተማው ባለ ሥልጣን ሆነ።

አሁን ወደ ታላቁ ጉልላት እንምጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ብንተረጉመው ማርያም ዘጽጌ ማለት ነው፤ ማኅሌተ ጽጌን ሲሰማ ላደገ ሰው ስሙ ባዕድ አይሆንበትም። ግንባታው በ1296 ዓ.ም. ሲጀመር ጉልላቱን እንዴት እንደሚደፍኑት የሚያውቅ አልነበረም፤ ስፋቱ 45 ሜትር ያህል የሆነውን ክፍት የሚደግፍ የእንጨት መሰላልና ቅስት ማቆም አይቻልም ነበርና፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ጉልላት ኖረ። መሐንዲሱ ብሩኔሌስኪ በ1420 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ በሌላው ውስጥ የሆነ ድርብ ጉልላት፣ ጡቡን እንደ ዓሣ አጥንት እያሰባጠረ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ራሱን እንዲሸከም አድርጎ በ16 ዓመት ጨረሰው። ወደ ላይ 463 ደረጃ አለ፤ ደረጃው በሁለቱ ጉልላቶች መካከል እየጠበበ ስለሚሄድ በመጨረሻው ላይ ሰው ትከሻውን ወደ ጎን ሰጥቶ ይወጣል። እኔ ጉልበቴን እየወቀስሁ ወጥቼ፣ ጡቡን በእጄ ዳስሼ ተመለስሁ።

ማርች 25 ቀን 1436 ዓ.ም. ይህን ቤተ ክርስቲያን የባረከው የሮማው ጳጳስ አውጋንዮስ 4ኛ ነው፤ የተወለደውም በቬኒስ ነው! ይኸው ጳጳስ የላቲንንና የግሪክን አብያተ ክርስቲያናት ለማስታረቅ የተጠራውን ጉባኤ በ1439 ዓ.ም. ወደ ፍሎረንስ አምጥቶ፣ በጉባኤው መካከል የሞተው የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዮሴፍ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ተቀበረ፤ ከባቡር የሚወርደው ጎብኚ መጀመሪያ የሚያያት ያቺ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መቃብሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ግሪኮቹ ከሄዱ በኋላ፣ በ1441 ዓ.ም. በክረምቱ መጨረሻ፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ የእኛ መነኮሳት ለዚሁ ጉባኤ ወደዚህች ከተማ ገቡ። የላካቸው ንጉሠ ነገሥቱ ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆኑ በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያውያን አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ናቸው፤ እርሳቸውም ያለ ንጉሡ ፈቃድ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ጽፈው ነበር። ሴፕቴምበር 2 ቀን ከመነኮሳቱ ጋር የመጣው ዲያቆን ጴጥሮስ በጳጳሱ ፊት ቆሞ ተናገረ። የእነዚህ መነኮሳት መልክ ቀራጺው ፊላሬቴ በ1445 ዓ.ም. በፈጸማቸው የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በሮች ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ከጉባኤው የወጣው ስምምነት ግን ጸንቶ አልቀረም፤ በነሐስ የቀረው ከብራና ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ከዚህም አርባ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1402 ዓ.ም.፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኛ ነብሮች አስይዞ ወደ ቬኒስ ገብቶ ነበር፤ ባለ እጅ የሆኑ ሰዎችም ከዚያ ይዞ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። መልእክተኛው አንቶኒዮ ባርቶሊ ይባላል፤ የፍሎረንስ ተወላጅ ነው። ቬኒስም በፋንታዋ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮኔን ሰጥታናለች፤ መርቆሬዎስ ተብሎ በነገሥታቱ ግቢ ብዙ ዘመን ኖረ። ሥዕለ ማርያምን ሲሥል ሕፃኑን እንደ ሀገሩ ልማድ በግራ ክንዷ አሳቀፋትና ብዙ ሰው ተቆጣ ይባላል።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል። በፍሎረንስ በየአደባባዩ ጥግ ላምፕሬዶቶ የሚባል የላም አራተኛ ጨጓራ ቀቅለው፣ ቆራርጠው፣ የዳቦውን ክዳን ከመረቁ ነክረው ይሸጣሉ፤ ዱለት ለሚያውቅ ሰው ከሥዕል ሁሉ አስቀድሞ የሚያግባባ ነገር ነው። ዳቦው ግን ጨው የለውም። በቬኒስ ሳርዲን በሽንኩርትና በኮምጣጤ ዘፍዝፈው ያቀርቡታል፤ ቡናውን ደግሞ በ1720 ዓ.ም. በተከፈተው በፍሎሪያን ቤት በአደባባዩ ላይ ተቀምጦ መጠጣት ኪስን ያቃጥላል፤ ቆሞ መጠጣት ይሻላል።

የትኛዪቱን ወደድህ የሚለኝ ብዙ ነው። ፍሎረንስን አከበርሁ፤ ቬኒስን ወደድሁ። ሆኖም በቬኒስ አልኖርም፤ በጥንቱ ከተማ ውስጥ የቀሩት ነዋሪዎች ከሃምሳ ሺህ አንሰዋል፤ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮም ለቀን ብቻ በሚመጣ ጎብኚ ላይ፣ በተወሰኑ ቀናት፣ የመግቢያ ገንዘብ ተጥሏል። እዚያው የሚያድር ይህን ገንዘብ አይከፍልም፤ ስለዚህ የሚሄድ ሰው ይደር፤ የቀኑ ሕዝብ በመጨረሻው ባቡር ከሄደ በኋላ ከተማዪቱ በውኃ ድምፅና በእግር ኮቴ ብቻ ትቀራለች።

ያደረውም በማግሥቱ ወደ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። የሳን ሚኬሌ ገዳም መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ዓ.ም. ገደማ የሠራው ታላቁ የዓለም ካርታ እዚያ ነው፤ መነኩሴው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከዚያው ሀገር ከመጡ ካህናት እንደ ተቀበለና እነርሱም በእጃቸው እየሣሉ እንዳሳዩት ራሱ ጽፏል። ዐባይ፣ ሸዋ፣ አማራ በስማቸው ተጽፈውበታል። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሣለ ስለሆነ ሀገሩን የሚፈልግ ሰው ከላይ በኩል ይመልከት፤ መግቢያው በኮሬር ቤተ መዘክር በኩል ነው።